ከቅባቱ ስር ያለው ድንጋይ፦ አሮጌ የምላጭ መሳያ እንዴት ይለያል?

ፒያሳ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፀጉርና ጺም ሲያስተካክሉ የኖሩ አንድ ጋሼ አሉ። በ2016 ዓ.ም. አካባቢው ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ፀጉር ቤታቸውም አብሮ ሄደ። ዕቃቸውን ጠቅልለው ልጃቸው ቤት ገቡ። አንድ ቅዳሜ ልጠይቃቸው ብቅ ስል ከአልጋ ስር ዝገት የጀመረው የብስኩት ቆርቆሮ አወጡልኝ። ውስጡ በጨርቅ የተጠቀለሉ ሦስት ድንጋዮች አሉ። ሦስቱም ጥቁር፣ ሦስቱም ቅባት የጠጡ።

«ልጄ፣ አንተ እንዲህ ያለ ነገር ትወዳለህ። ወስደህ እያቸው። የሚረባ ካለ ንገረኝ» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው የምጽፈው። አያቱ ወይም አጎቱ ፀጉር አስተካካይ የነበረ፣ ወይም ቸርችል ጎዳና ካሉት የቅርሳ ቅርስ ሱቆች በአንዱ «የድሮ ሞረድ» ተብሎ የቀረበለት ሰው እንዳይታለል፣ ከዚያም በላይ ጥሩ ድንጋይ ይዞ ሳያውቀው እንዳይጥል።

መጀመሪያ ስለ ምላጩ። ዛሬ ፀጉር ቤት የምናየው መያዣው ላይ ግማሽ ምላጭ ተሰክቶ፣ አንድ ሰው ላይ ተሠርቶበት የሚጣለውን ነው። ኤችአይቪ ከመጣ ወዲህ «ምላጭ በጋራ አንጠቀም» የሚለው ትምህርት የሁሉንም ልማድ ቀየረ። መቀየሩም ትክክል ነበር። ከዚያ በፊት ግን የፀጉር አስተካካዩ መሣሪያ እጀታው ውስጥ ታጥፎ የሚገባው ረጅሙ ምላጭ ነበር። እሱ አይጣልም። ሲዶለዱም ይሳላል፣ ከዚያ በጠፍር ላይ ይወለወላል፣ ነገም ይሠራል። አንዱ ምላጭ ከአባት ለልጅ ይተላለፋል።

እንዲህ ያለውን ምላጭ ያገኘው ድንጋይ ሁሉ አይስለውም። ለበዓል ቢላ ሲዶለዱምብን የደረጃ ጠርዝ ላይ ፈጨት ፈጨት አድርገን በሬውን እንገነጥልበታለን። ይሠራል። እንዲያውም ቢላ ትንሽ ጥርስ ቢኖረው ሥጋና ቲማቲም ላይ ይቀናዋል። ፊት ላይ ግን ያ ጥርስ እሳት ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ከ50 እስከ 100 ማይክሮን አካባቢ ነው። አንድ ማይክሮን ማለት የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። በደንብ የተሳለ ምላጭ ጫፉ ላይ ከአንድ ማይክሮን በታች ይቀጥናል። እዚያ ድረስ ለመድረስ የድንጋዩ ቅንጣቶች ጠንካራ፣ በጣም ደቃቅና እኩል መሆን አለባቸው። መሃል ላይ አንዲት ሻካራ ቅንጣት ብትገኝ የሠራኸውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ታበላሻለች። በዓለም ላይ ለምላጭ የሚሆን ድንጋይ የሚወጣባቸው ቦታዎች ስማቸው የሚታወቅና ጥቂት የሆኑት ለዚህ ነው።

(እኛ አገር ባልጩት የሚባለውን የሚያውቅ «እሱስ?» ሊል ይችላል። ባልጩት የእሳተ ገሞራ መስታወት ነው። ሲፈለጥ ራሱ ስለት ይሆናል እንጂ ሌላ ነገር አይስልም። የሚላጭ ድንጋይና ምላጭ የሚስል ድንጋይ ለየቅል ናቸው።)

ወደ ቆርቆሮው ልመለስ። ሰው የሚሳሳተው የመጀመሪያዋ ደቂቃ ላይ ነው። ድንጋዩን አንስቶ ቀለሙን ያያል፤ «ጥቁር ነው፣ እንዲህ ነው» ብሎ ስም ይሰጠዋል። የሃምሳ ዓመት ዘይት፣ የሳሙና ቅሪትና የብረት ብናኝ የጠጣ ድንጋይ ግን ሁሉም ጥቁር ነው። ቀለም ከመናገሩ በፊት መታጠብ አለበት።

እኔ ያደረግሁት ይኸው ነው። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ጨመርኩ። ድንጋዮቹን ዘፍዝፌ አሳደርኳቸው። ጠዋት በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተግኳቸው። ግትር ያለውን ቅባት በትንሽ ላምባ ጠራረግሁት፤ በረንዳ ላይ፣ ከእሳት ርቄ። ማፍላት ግን አይሞከርም። ብዙ የድሮ ድንጋዮች በማጣበቂያ የተያያዙ ናቸው፤ ሙቀት ይለያያቸዋል። አንዳንዱም ራሱ ይሰነጠቃል። ሌላም ነገር አለ። ጫፉ ላይ ወይም ጎኑ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ካየህ እዚያ ቦታ ውሃ አታስነካ። ያቺ የተበጣጠሰች ወረቀት ስለ ድንጋዩ ከማንም የተሻለ ልትናገር ትችላለች።

ሲደርቁ ሦስቱ ጥቁሮች ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሆነው ወጡ።

የመጀመሪያው ቶሎ ራሱን አጋለጠ። ጥቁር ግራጫ ሆኖ ቀረ። ወደ ፀሐይ ሳዞረው መላ ሰውነቱ ላይ እኩል የሆነ ብልጭልጭታ አለው፤ ስኳር የተነሰነሰበት ይመስላል። ማዕዘኖቹ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ተጠፍጥፎ እንደወጣ ብስኩት ለስለስ ብለዋል። የትኛውም ጎኑ ላይ መስመር፣ ነጥብ ወይም የቀለም ልዩነት የለም። የውሃ ጠብታ ሳደርግበት ቀስ ብሎ ጠጣት። ይሄ ሰው ሠራሽ ነው። በፋብሪካ ከተሠራ የሲሊኮን ካርባይድ ብናኝ የተጋገረ፣ በተለምዶ ካርቦረንደም የሚባለው። ብናኙ መመረት የጀመረው በ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ለፀጉር አስተካካዮች ተብለው የተሠሩ ትንንሽ ሰው ሠራሽ ድንጋዮች ዓለምን ሞሉት። ስለዚህ ከአሮጌ ፀጉር ቤት የወጣ ድንጋይ ሁሉ የተፈጥሮ ነው ብለህ አትነሳ። ሰው ሠራሽ መሆኑ ነውር አይደለም፤ አንዳንዶቹ በጣም ጥሩ ናቸው። «የተፈጥሮ ነው» ተብሎ በተፈጥሮ ዋጋ ሲሸጥ ነው ችግሩ።

የተፈጥሮ ድንጋይ በተቃራኒው ታሪክ አለው። ጀርባው ላይ የመጋዝ ጥርስ ያስቀረው ጭረት ይታያል። ቀጭን ደም ስር የመሰለ መስመር ያቋርጠዋል። አንዱ ጫፍ ከሌላው ትንሽ ይደምቃል። መጠኑም ሙሉ ቁጥር አይወድም፤ ከተቆረጠው ብሎክ የተገኘውን ያህል ነው። እነዚህን ለማየት ወርቅ ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ የሚገጥሟት ትንሿ ማጉያ መነጽር ትበቃለች። አንድ የማውቀው ወርቅ ሠሪ አውሶኝ ነው ያየሁት።

እግረ መንገዴን፣ ከወርቅ ቤት የሚመጣ አንድ የሚያምታታ ድንጋይ አለ። ወርቅ ሠሪዎች ወርቅ የሚፈትኑበት ትንሽ ጥቁር ድንጋይ አላቸው። ወርቁን ጫር ያደርጉበታል፤ ከዚያ ጭረቱ ላይ አሲድ ጠብ አድርገው ካራቱን ያነባሉ። ለስላሳ ነው፣ ጥቁር ነው፣ አራት ማዕዘን ነው። የምላጭ መሳያ ነው ብሎ የሚገዛው ሰው አይጠፋም። በማጉያ ስታየው ቀጫጭን ቢጫ ጭረት ካለው የወርቅ ቤት ነው።

ሁለተኛው ድንጋይ ልቤን ያስደነገጠው ነው። ቅባቱ ሲለቅ ከላይ የቅቤ ቀለም ወጣ። ክሬም፣ ትንሽ ቢጫ ያለበት። ከስር ደግሞ ወይን ጠጅ የተቀላቀለበት ሰማያዊ። ሁለት ድንጋይ አንድ ላይ የተጣበቀ ይመስላል። ጥፍሬን መጋጠሚያው ላይ ሳስኬድ ግን ምንም አይሰማኝም። መስመሩም ቀጥ ያለ አይደለም፤ ትንሽ ይወዛወዛል፤ አንድ ቦታ ላይ ሰማያዊው ወደ ክሬሙ ምላስ አውጥቷል።

ይሄ ኮቲኩል ነው። የሚወጣው ቤልጅየም ውስጥ፣ አርደን በሚባለው ኮረብታማ አገር፣ ቪየልሳልምና ሊየርኖ በሚባሉ ከተሞች ዙሪያ ነው። ስሙ ከላቲን የመጣ ሲሆን ትንሽ መሳያ ማለት ነው። ከ480 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ በፊት ባሕር ወለል ላይ ማንጋኒዝ የበዛበት ደቃቅ ጭቃ ተነጠፈ። ምድር ስትጨምቀውና ስታሞቀው ውስጡ ትንንሽ የጋርኔት ዕንቁዎች በቀሉ። ጋርኔት ጌጥ የሚሠራበት ቀዩ ድንጋይ ነው፤ እዚህ ግን እያንዳንዱ ከ5 እስከ 15 ማይክሮን ብቻ ነው፤ በዓይን አይታይም። ቅርጹ እንደ ተቆረጠ ብርጭቆ ሹል አይደለም፤ ብዙ ገጽ ያለው ክብ ቢጤ ነው። ስለዚህ ብረቱን በጥልቀት አይቧጭረውም፤ ላዩን ቀስ እያለ ይልጠዋል። መጠኑ ትልቅ የሚመስለው ቅንጣት ለስላሳ ስለት የሚያወጣበት ምክንያት ይሄ ነው።

ክሬሙ ሽፋን በተፈጥሮው ቀጭን ስለሆነ ብቻውን ይሰበራል። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ኮቲኩል ታገኛለህ። አንዱ እንደኔው ከሰማያዊው ጎረቤቱ ጋር እንደተያያዘ የተቆረጠ። ሌላው ክሬሙ ለብቻው ተቆርጦ ከስሩ ጥቁር ስሌት የተለጠፈበት። ስሌት ማለት በንብርብር የሚለያይ የጭቃ ድንጋይ ነው፤ ድሮ ተማሪ ይጽፍበት የነበረው ጥቁር ሰሌዳ ከእሱ ነበር። የተለጠፈ ከሆነ መጋጠሚያው በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል፤ ቡናማ የማጣበቂያ ክርም ይታያል። የተለጠፈው ሐሰተኛ አይደለም፤ አሠራሩ ነው። ዋናው ላዩ ያለው ነው።

ቀለም ብቻውን ስለማይበቃ ክብደቱን ለካሁ። ይሄን ዘዴ ሁሉም ሰው እንዲያውቀው እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የሚያስፈልገው የኩሽና ዲጂታል ሚዛን፣ ጎድጓዳ ሳህንና ክር ብቻ ነው። መጀመሪያ ደረቁን ድንጋይ መዘንኩ፦ 288 ግራም። ከዚያ ውሃ የሞላ ሳህን ሚዛኑ ላይ አስቀምጬ ቁጥሩን ወደ ዜሮ መለስኩ። ድንጋዩን በክር አስሬ ውሃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ አጠለቅሁት፤ የሳህኑን ታችም ጎንም ሳላስነካ በክሩ እንደ ተንጠለጠለ ያዝኩት። ሚዛኑ 96 አለ። ይሄ ድንጋዩ የገፋው ውሃ ነው፤ በሌላ አነጋገር የድንጋዩ ይዘት። 288 ለ 96 ሲካፈል 3 ይመጣል። ድንጋዩ ከእኩያው ውሃ ሦስት እጥፍ ይከብዳል ማለት ነው።

ይህ ቁጥር ብዙ ይናገራል። ተራ ስሌት 2.7 ወይም 2.8 አካባቢ ነው። ንጹህ ኳርትዝ 2.65 ነው። ጋርኔት ግን 4 ገደማ ስለሆነ፣ እሱን የያዘ ድንጋይ ወደ 3 እና ከዚያ በላይ ይወጣል። ክሬም ቀለም ያለው፣ ውሃ የማይጠጣና 3 የሚመዝን የምላጭ ድንጋይ ከቤልጅየም ሌላ አገር ለመፈለግ ምክንያት የለኝም። እብነበረድ ክሬም ሊሆን ይችላል፤ እሱ ግን 2.7 ነው፤ ጥግ ላይ አንድ ጠብታ ሎሚ ሲያርፍበትም አረፋ ያወጣል።

ሦስተኛው ከሁሉም በላይ አስቸገረኝ። ትንሽ ነው፤ ርዝመቱ ከመዳፌ ብዙም አያልፍም። ሲታጠብ አረንጓዴ ያለበት ግራጫ ሆነ። ለስላሳ ነው፤ ጣት ሲያልፍበት እንደ ደረቅ ሳሙና ነው። አንዱ ጫፍ ላይ የወረቀት ቅሪት አለ፤ የተነበበ ፊደል ግን የለም። ሚዛኑ 216 ግራም፣ የገፋው ውሃ 80፤ ስለዚህ 2.7። ስሌት ነው ማለት ነው። ግን የቱ ስሌት? የጣሪያ ስሌትም 2.7 ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ፈተናዎች ረዱኝ። አንዱ ሚስማር ነው። የማይታይ ጥግ ላይ በሚስማር ጫር አደረግሁት፤ ተጫረ። ይሄ ብቻውን አንድ ትልቅ ቤተሰብ አስወጣ፤ የአሜሪካውን አርካንሳስ ድንጋይ። እሱ ኖቫኩላይት ነው፤ ስሙ ራሱ ምላጭ ከሚለው የላቲን ቃል ነው የመጣው። ሙሉ በሙሉ ማለት ይቻላል ሲሊካ ስለሆነ ሚስማር አይጭረውም፤ ይልቁንም ሚስማሩ ራሱ ግራጫ መስመር ትቶበት ያልፋል። ምርጡ ዓይነት ደግሞ የስልክ መብራት ጠርዙ ላይ ስትደግንበት ብርሃን ያሳልፋል፤ እንደ ሻማ ሰም ይበራል።

ሁለተኛው ፈተና ጭቃው ነው። የድንጋዩን ጀርባ በውሃ አርሼ በብርጭቆ ወረቀት፣ ጥቁሩና ውሃ በሚችለው፣ ትንሽ ፈተግሁ። ተራ ስሌት ከራሱ ቀለም ብዙ የማይርቅ ድፍርስ ግራጫ ጭቃ ያወጣል። ከዚህ የወጣው ግን ነጣ ያለ ነው፤ ብዙ ውሃ የገባበት ወተት ይመስላል። በጣቶቼ መካከል ሳሸው ምንም ቅንጣት አይሰማም። ይሄ የጀርመኑ የቱሪንጊያ ድንጋይ ጠባይ ነው። (የኮቲኩሉ ክሬም ፊትም ወተታማ ነው፤ ሰማያዊው ጀርባ ግን ወይን ጠጅ ቢጤ ጭቃ ያወጣል።) ፍተጋው ሁልጊዜ በእርጥቡ ይሁን። የእነዚህ ድንጋዮች ደረቅ ብናኝ ሲሊካ ስላለበት ሳንባ ይጎዳል።

የቱሪንጊያው ድንጋይ ሽታይናኽና ሶንበርግ በሚባሉ ከተሞች አካባቢ ይወጣ ነበር። ሽታይናኽ ልጆች በሰሌዳ ላይ የሚጽፉበትን የድንጋይ እርሳስ የምታመርት ከተማ ነበረች። ከእነዚህ ድንጋዮች ሁሉ ስሙ የገነነው «ጄ. ጂ. ኤሸር» የሚል ወረቀት ለጥፎ ይሸጥ የነበረው የሶንበርግ ቤት ነው። ዛሬ ሰብሳቢዎች ወረቀቱ ያለበትን ከሌለበት እጅግ አስበልጠው ይገዙታል። ስለዚህ ፈተናው እዚህ ጋ ነው። የተቀደደ ወረቀት ያለበት አረንጓዴ ግራጫ ድንጋይ ይዤ «ኤሸር ነው» ማለት ደስ ይለኛል። ግን ከዚያው አካባቢ ብዙ ሰዎች ድንጋይ አውጥተው ሸጠዋል። ድንጋዩ ከየት አገር እንደመጣ ይናገራል፤ ማን ሱቅ ውስጥ እንደተሸጠ ግን የሚናገረው የሚነበብ ወረቀት ብቻ ነው። ወረቀት ደግሞ ማንም ያትማል። ሻጭ «ኤሸር» ብሎ ዋጋ ቢጠራብህ ለድንጋዩ ክፈል፤ ለማይነበበው ወረቀት አትክፈል።

ሌሎችም አሉ፤ ባጭሩ። የእንግሊዙ ቻርንሊ ፎረስት የወይራ አረንጓዴ ሆኖ ቀይ ወይም ወይን ጠጅ መስመርና ነጥብ አለው፤ በጣም ጠንካራ ነው፤ በዘይት ይሠራበት ነበር። የስኮትላንዱ ታም ኦሻንተር ግራጫ ሆኖ የተዥጎረጎረ ነው። የጃፓኑ ኪዮቶ አካባቢ የሚወጣው ጎኑ ላይ ማኅተም ሊኖረው ይችላል። የዌልስ ስሌቶች ከሌላው ስሌት በዓይን ለመለየት እጅግ ያስቸግራሉ። ለሁሉም መንገዱ አንድ ነው፤ ማጠብ፣ ማየት፣ መመዘን፣ ጥግ መጫር፣ ጭቃውን ማየት። አንዱ ፈተና ብቻውን አይፈርድም፤ ሦስት አራቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያመለክቱ ነው ስም የምትሰጠው።

አንድ ነገር ልጨምር። «ይሄ ስንት ቁጥር ነው?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። አንድ ሺህ፣ ስምንት ሺህ የሚባለው ቁጥር የፋብሪካ ብናኝ መጠን ነው። የተፈጥሮ ድንጋይ ቁጥር የለውም። ያው ኮቲኩል ጭቃ ሲወፍርበት ብረቱን ቶሎ ይበላል፤ በንጹህ ውሃ ብቻ ሲሠራበት ደግሞ ቀስ ብሎ ያለሰልሳል። ሻጩ ቁጥር ከጠራልህ ግምቱን ነው የነገረህ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ቆርቆሮውን ይዤ ተመለስኩ። ጋሼ ክሬሙን ድንጋይ ሲያዩ መነጽራቸውን አወለቁ። እንደገና አጠለቁ።

«ይሄማ የእኔ አይደለም። የእኔው ጥቁር ነበር።»

«ቅባቱ ነው ጋሼ። ከስር እንዲህ ነው።»

አገላብጠው አዩት። ሥራ ያስተማሯቸው አርመን የሰጧቸው ነው። አርመኑ ምላጩን ሌላ ድንጋይ ላይ ከሳሉ በኋላ በመጨረሻ ይቺ ላይ በውሃ ያስኬዱ ነበር። ጋሼ ግን እሳቸው ሲሄዱ እንደ ካርቦረንደሙ በዘይት ሞከሯት። «አትይዝም፣ ትንሸራተታለች ብዬ ተውኳት። ሠላሳ ዓመት ዕቃ ማስቀመጫ ሆነች» አሉ። ዘይቱ ገብቶ ደርቆ ፊቷን ዘግቶት ኖሯል።

ምላጫቸውን አመጡ። እኔ ውሃ ጠብ አደረግሁ። እጃቸው አልረሳም። ጀርባውንም ስለቱንም ድንጋዩ ላይ ለጥ አድርገው፣ ስለቱን አስቀድመው፣ ከተረከዝ ወደ ጫፍ ሰያፍ አስኬዱት። መጀመሪያ ይሻክራል፤ ሽርር ይላል። ሃያ ሠላሳ ጊዜ ከተመላለሰ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ውሃው ከስለቱ ፊት እየተገፋ ምላጩ ላይ መውጣት ጀመረ። ጋሼ ቀና ብለው አዩኝ፤ ከዚያ የግራ ክንዳቸውን እጅጌ ሰበሰቡና ምላጩን ከቆዳው ትንሽ ከፍ አድርገው አሳለፉት። ነጭ ፀጉሮች ሳይነኩ የወደቁ መሰሉ።

«ጠፍሬን አምጡልኝ» ብለው ወደ ጓዳ ተጣሩ።